ገመናችን በኪሳችን፦ ከወንጂ ደብዳቤ እስከ ሞባይል ኢንተርኔት

«ግላዊነት የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል ክርክር ደጋግመን እንሰማለን። እኛ ከጎረቤት ጨው የምንበዳደር፣ ለቅሶ ላይ አብረን የምንቀመጥ፣ ቡና ላይ የሰፈሩን ጉዳይ ዘርዝረን የምንነሳ ሕዝብ ነን ይባላል። ቀጥሎም ጥያቄው ይመጣል፦ የምትደብቀው ነገር ከሌለህ ስልክህን ማን አየው ማን አላየው ምን አስጨነቀህ?

ይህ ክርክር መጀመሪያ ቋንቋችንን ይረሳል። «ግላዊነት» ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የለመድነው ቃል ይሁን እንጂ እናቶቻችን ነገሩን «ገመና» ሲሉት ኖረዋል። ገመና ከታች ይመረቃል፤ የሰው ገመና ያወጣ ይነወራል። ቀጥሎ ደግሞ ታሪካችንን ይረሳል። ቴክኖሎጂ አዲስ የመልእክት መንገድ ባመጣ ቁጥር ሰዉ ገመናውን የሚከትበት አዲስ ልማድ ሲያበጅ ኖሯል። ዛሬ የገጠመን ችግር ለሞባይል ኢንተርኔት የሚሆን ልማድ ገና አለማበጀታችን ነው።

ይህንን ለማሳየት የሆሳዕናን፣ የዱራሜን፣ የሾኔን፣ የአንጋጫን፣ የሺንሺቾንና የሌሎቹን የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ታሪክ መርጠናል። ምክንያታችን ቀላል ነው። እነዚህ ከተሞች ከሰባ ዓመት በላይ ከሩቅ ሰው ጋር ሲነጋገሩ ኖረዋል። አባት ወንጂ፣ ልጅ አዲስ አበባ፣ የልጅ ልጅ ጆሃንስበርግ። ቤተሰቡ የሚኖረው በመልእክት ነው። መልእክት ደግሞ ሁልጊዜ በሌላ ሰው እጅ ያልፋል።

ደብዳቤው የሚያልፍባቸው እጆች

በ1946 ዓ.ም. ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲያስጀምር ብዙ የአገዳ ቆራጭ ያስፈልገው ነበር። በተከታዮቹ ዐሥርት ዓመታት በወንጂ፣ ኋላም በመተሐራ ማሳ ላይ ከተሰለፉት ወቅታዊ ሠራተኞች ብዙዎቹ ከከምባታና ከሀዲያ የሄዱ ነበሩ። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ፣ ግብሩ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ነበርና ጎልማሳው ገጀራውን ይዞ ወረደ።

የወንጂው ሰው ለቤቱ ደብዳቤ ለመላክ ቢፈልግ እንዴት ያደርጋል? ራሱ መጻፍ ካልቻለ የሚጽፍለት ይፈልጋል፤ አንድ እጅ። ፖስታ ቤቱ ደብዳቤ ቤት ለቤት አያድልም፣ ገበሬው የፖስታ ሣጥን ቁጥር የለውም። ስለዚህ ደብዳቤው በትምህርት ቤት፣ በሚሲዮን ወይም በነጋዴ ሣጥን «በእገሌ በኩል» ይላካል፤ ሁለተኛ እጅ። ከሣጥኑ አውጥቶ ገበያ ቀን ወደ መንደሩ የሚያደርስ አለ፤ ሦስተኛ እጅ። መንደር ሲደርስ ደግሞ ሚስት ማንበብ አትችልም። ደብዳቤው የተጻፈው በአማርኛ ነው፣ እሷ የምትናገረው ሀዲይሳ ወይም ከምባትሳ ነው። ስለዚህ ከሰፈሩ አንድ ተማሪ ይጠራል፤ አንብቦ፣ ተርጉሞ ይነግራታል። አራተኛ እጅ፣ ያውም የልጅ።

በዚህ መንገድ ላይ የትዳር ጠብ፣ የብድር መጠን፣ የበሽታ ነገር እንዴት ይጻፋል? ሰዉ መላ ነበረው። ደብዳቤ የሚያነብ ልጅ ይመረጣል፤ አፉ የሚጠብቅ የተባለው ተማሪ በሰፈሩ ይከበራል፣ የሰማውን የዘራ ደግሞ ሁለተኛ አይጠራም። ከባዱ ነገር አይጻፍም፣ አገር ቤት ለሚገባ ዘመድ በቃል ይሰጣል። «ቀሪውን እገሌ ይነግርሻል» የምትለዋ ሐረግ የዚያ ዘመን የምስጢር ቁልፍ ነበረች።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ሕግ ከሚፈቅደው ውጪ የማንንም ኢትዮጵያዊ የደብዳቤ ምስጢር መድፈር አይቻልም ይል ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም በአዋጅ ከታወቀ የአደጋ ጊዜ በቀር ደብዳቤ ሳንሱር እንደማይደረግ ደነገገ። ወረቀት ላይ ጥሩ ነበር። ሆኖም ሕጉ የሚጠብቀው ፖስታውን ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ፖስታው የግድ በሌላ ሰው ይከፈታል።

ደብዳቤ ይከፈትብኛል ብሎ መጨነቅ የእኛ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን በስደት ይኖር የነበረው ጣሊያናዊው ጁሴፔ ማዚኒ ደብዳቤዎቹን መንግሥት እየከፈተ እንደሚያነብ ጠረጠረ። ከወዳጆቹ ጋር ተማክሮ ፖስታው ውስጥ ደቃቅ የአበባ ዘርና የፀጉር ዘለላ ማስቀመጥ ጀመሩ። ደብዳቤው ሲደርስ ዘሩ ከሌለ ተከፍቷል ማለት ነው። ጥርጣሬው እውነት ሆነ፤ ጉዳዩም እስከ ፓርላማ ደርሶ የእንግሊዝን መንግሥት አሳፈረ። የዛሬው «ከአዲስ ስልክ ተገብቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ የዚያ ዘር የልጅ ልጅ ነው ብንል አላጋነንንም።

በእነዚህ ከተሞች ታሪክ ለገመና ትልቁን ሥራ የሠራው ግን ሌላ ነገር ይመስለናል። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ማስተማሪያ ካደረጋቸው 15 ቋንቋዎች መካከል ሀዲይሳና ከምባትሳ ነበሩ፤ ያኔ ሁለቱም በግዕዝ ፊደል ተጻፉ። ስለ ዘመቻው ሲወራ ቁጥሩና ሽልማቱ ይነሳል። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር አለ፦ ማንበብ የቻለች ሚስት የባሏን ደብዳቤ ለብቻዋ አነበበች። ከእጆቹ አንዱ ቀረ። መንግሥቱ ራሱ ለዜጋ ምስጢር የሚራራ አልነበረም፤ ቢሆንም ፊደሉ ሥራውን ሠራ።

«ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል?»

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ነው። ስልኩን የሚያስተዳድረው የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ተቋቋመ። ለክፍለ ሀገር ሰው ግን ስልክ ማለት ለብዙ ጊዜ የቴሌ ቢሮ ማለት ነበር። ትመዘገባላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ ኦፕሬተሯ ታገናኛችኋለች። መስመሩ ስለሚንሾካሾክ ትጮኻላችሁ። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ልጁ ፈተና መውደቁን፣ ጎተራው መሟጠጡን፣ አማቲቱ ሆስፒታል መግባቷን አብሮ ይሰማል።

እዚህም ልማድ ተበጀ። በስልክ አጭር ይወራል፤ «ደህና ነን፣ ደህና ናችሁ፣ ሰው ልከናል» ብቻ። የገንዘብ መጠን በስልክ አይጠራም። ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሰዉ አፉን ሰብስቦ ያወራ ነበር።

ቁጥሩ የቤት አድራሻ ሆነ

በ1991 ዓ.ም. ሞባይል አዲስ አበባ ገባ፤ በኋላም ክፍለ ሀገር ወረደ። ሲም ካርዱ እየረከሰ ሲመጣ በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ መልእክቱ ያለ አስታራቂ ከኪስ ወደ ኪስ የሚሄድ መሰለ። ኦፕሬተር የለም፣ ተራ የለም፣ ደብዳቤ አንባቢ ልጅ የለም። ደስታችን የዋዛ አልነበረም።

ነገር ግን ኪሳችን ውስጥ ያለው መሣሪያ የእኛ ቢሆንም መስመሩ የእኛ አልነበረም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በሰኔ ወር የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት በመላው አገሪቱ ተዘጋ። የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. መግቢያ፣ ለሚሌኒየሙ በዓል ነው። ከሁለት ዓመት በላይ አንድ አገር «ደርሻለሁ» ብሎ መጻፍ አልቻለም። የሞባይል ዘመን የመጀመሪያ ትምህርታችን ይህ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ለሆሳዕናና ለዱራሜ ይበልጥ መራራ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የእነዚህ አካባቢዎች ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ጎረፈ፤ በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ ወይም በሞዛምቢክ አድርጎ። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ በዚህ መስመር በዓመት ከ17,000 እስከ 20,000 ወንዶች እንደሚጓዙ ገምቷል። የሆሳዕናን ፎቆችና ሱቆች የሠራው ገንዘብ ከየት እንደመጣ ለሆሳዕና ሰው አይነገረውም።

ይህ ጉዞ ያለ ሞባይል አይሆንም ነበር። ደላላው በስልክ ነው የሚቀባበለው፤ ገንዘቡ በስልክ ትእዛዝ ነው የሚለቀቀው። ልጁ ሲነሳ የሚይዘው ዋናው ነገር የቤተሰቡ ስልክ ቁጥር ነው። ያው ቁጥር ግን በሌላ ሰው እጅ ሲገባ መሣሪያ ይሆናል። መንገድ ላይ ያሉ ደላሎችና አጋቾች ለቤተሰብ ደውለው ተጨማሪ ገንዘብ እንደሚጠይቁ፣ እያሰቃዩም ድምፅ እንደሚያሰሙ በስደት ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው መዝግበዋል። በወንጂ ዘመን አንድ ሰው ደብዳቤውን ቢያነብብህ የሚያገኘው ወሬ ነበር። አሁን ስልክ ቁጥርህን፣ የእናትህን ስምና ወንድምህ የት ሱቅ እንዳለው ያወቀ ሰው የቤትህን በር አግኝቷል።

ይህንን ስናይ «የምትደብቀው ከሌለህ» የሚለው ክርክር ይፈርሳል። ያቺ እናት የምትደብቀው ወንጀል የላትም። የምትጠብቀው ግን ልጅ አላት።

መርዶ በስልክ ሲመጣ

በአገራችን ስለ ገመና ከተበጁት ልማዶች ሁሉ ጥልቁ መርዶ ነው። ሞት ቢሰማም ወዲያው አይነገርም። ሽማግሌ ይመከራል፣ የቅርብ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሌሊት ወይም ማለዳ ተሂዶ በወጉ ይነገራል። ሰፈሩ በሙሉ እያወቀ፣ ለባለቤቱ ግን ትክክለኛው ሰው በትክክለኛው ሰዓት እስኪደርስ ይጠበቃል። አስቡት፤ አንድ ሰፈር ሙሉ ምስጢር ይጠብቃል፣ ያውም ለሐዘንተኛው ክብር ሲል። ግላዊነት የፈረንጅ ነው የሚሉን ወዳጆቻችን ይህንን ምን ይሉታል?

ሞባይል ኢንተርኔት በጣም የጎዳው ይህንን ልማድ ነው። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያንን የገደለበትን ቪዲዮ ሲለቅ፣ አዲስ አበባ ቂርቆስ ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የለዩት ከተሰራጨው ምስል ላይ ነው። ሽማግሌ አልመጣም፣ መርዶ ነጋሪ አልተመረጠም። ምስሉ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ።

በደቡቡ መንገድም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት ከ78 ሰዎች 64ቱ ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ዛምቢያ ሉሳካ አጠገብ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ሲገኝም ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። እንዲህ ያለ ዜና በመጣ ቁጥር መንገድ ላይ ሰው ያለው ቤት ሁሉ ስልኩን እያየ ያድራል። ሌላው ደግሞ «ነፍስ ይማር» ብሎ ፎቶ ይለጥፋል፤ በቅንነት። በዚያ ቅንነት አንዲት እናት የልጇን ሞት ከፌስቡክ ትሰማለች።

አሁን ስልካችንን ማን ያነበዋል?

የወንጂውን ደብዳቤ አራት እጆች አስታውሱ። የዛሬውን ስልክ እንቁጠረው።

አንደኛው እጅ የሱቁ ልጅ ነው። ብዙ ሰው ስማርት ስልክ ሲገዛ ኢሞውን፣ ፌስቡኩን፣ ቴሌግራሙን የሚከፍትለት ሻጩ ወይም ጥገና ቤቱ ነው። የይለፍ ቃሉን ያወጣው እሱ ነው፤ ኢሜይሉም ብዙ ጊዜ የእሱ ነው። ያ ልጅ የድሮው ደብዳቤ አንባቢ ተማሪ ወራሽ ነው። ልዩነቱ ተማሪው የሚያነበው አንድ ደብዳቤ ሲሆን ይሄኛው ቁልፉን ራሱን መያዙ ነው።

ሁለተኛው እጅ መተግበሪያው ነው። ስንጭነው «ኮንታክትህን ልይ?» ሲል «እሺ» እንላለን። በዚያች አንዲት «እሺ» የምንሰጠው የራሳችንን ብቻ አይደለም። ስልካችን ውስጥ ቁጥራቸው ያለ ሰዎች ሁሉ ሳይጠየቁ ይሰጣሉ።

ሦስተኛው እጅ የመስመሩ ባለቤት ነው። ማን ለማን፣ መቼ፣ ከየትኛው አንቴና ሥር እንደደወለ ኩባንያው ይመዘግባል። የመልእክቱን ይዘት መመስጠር ሊሸፍነው ይችላል፤ ዋትስአፕ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጥራል። ቴሌግራም ግን እንዲህ የሚያደርገው «ሚስጥራዊ ውይይት» በሚለው ክፍሉ ብቻ ነው፤ ተራው ንግግር ኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ቪፒኤን ያወረደም ሰው እምነቱን ከቴሌ ወደ ቪፒኤኑ ባለቤት አዛወረ እንጂ እጁን አላስቀረውም።

አራተኛው መንግሥት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ሲደነግግ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም ይጨምራል። (የአንቀጹ ቁጥር ከ1923ቱ ጋር አንድ መሆኑ የሚገርም አጋጣሚ ነው!) ተግባሩ ግን ሌላ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች መጋቢት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የስልክ ጠለፋ ለፖለቲካ መጨቆኛ እንደዋለ ዘርዝሯል። በዚያው ዓመት ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ፣ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለውን ራስን በኢንተርኔት የመጠበቂያ መመሪያ መጠቀማቸውና ሥልጠና መውሰዳቸው በክሱ ውስጥ ተጠቀሰ። በር መቆለፍ እንደ ጥፋት የተቆጠረበት ጊዜ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ። ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ፣ የማሳረምና የማሰረዝ መብት ሰጠው፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ገንዘባችንን በስልክ ቁጥራችን ላይ ስላስቀመጠ አዋጁ ዘገየ ቢባል እንጂ አያስፈልግም አይባልም። በደስታ እንቀበለዋለን። ከ1923 ጀምሮ ያለው ታሪክ የሚነግረን ግን ሕግ ፖስታውን ሲጠብቅ አንባቢውን የምንመርጠው እኛ መሆናችንን ነው።

ልማድ እናብጅ

አዲስ ነገር መፈልሰፍ አያስፈልገንም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያበጁትን ወደ ስልኩ ማምጣት ይበቃል።

ደብዳቤ አንባቢውን ይመርጡ ነበር። እኛም ለአባታችን፣ ለአክስታችን ኢሞ የምንከፍተው እኛው እንሁን፤ የይለፍ ቃሉን በሱቅ ሳይሆን በቤት እናውጣ። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን እናብራላቸው። በጽሑፍ የሚመጣው የማረጋገጫ ኮድ ለማንም፣ «ከቴሌ ነው የምደውለው» ላለም፣ ለገዛ ወንድምም ቢሆን እንደማይነገር እናስረዳቸው።

ከባዱን ነገር በቃል ይልኩ ነበር። እኛም የፓስፖርት ፎቶ፣ የሐዋላ ደረሰኝ፣ የጉዞ ቀን በግሩፕ ላይ አንለጥፍ። በውጭ አገር ካለው ሰው ጋር ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቃትን አንዲት ጥያቄ እንስማማ። «ታስሬአለሁ፣ ገንዘብ ላኩ» የሚል መልእክት ሲመጣ በፊት በምናውቀው ቁጥር መልሰን እንደውል፣ ጥያቄዋንም እንጠይቅ። ድምፅም ምስልም አስመስሎ መሥራት በሚቻልበት ዘመን ይቺ ጥያቄ ከብዙ መተግበሪያ ትበልጣለች።

የሰማውን የዘራ ተማሪ ሁለተኛ አይጠራም ነበር። እኛም የባትሪ መብራት ሆኖ ኮንታክታችንን የሚጠይቅ መተግበሪያ ሲገጥመን «አይ» እንበለው። ሰጥተን ከሆነም ከስልኩ ማስተካከያ ገብተን እንከልክለው።

መርዶን ደግሞ እንመልሰው። የአደጋ ምስል ሲደርሰን አናስተላልፍ። የሟች ስም ስናውቅ ቤተሰቡ በወጉ መርዶ እስኪነገረው «ነፍስ ይማር» ብለን ከመለጠፍ እንታገስ። ይህ ምንም ዳታ አይበላም፣ ምንም ብር አያስወጣም፣ ማንም ሊዘጋብን አይችልም።

ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም እዚያው አለ። ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ ስብሰባና ባነር አይጠፋም። ሥራው ግን ከዚያ በፊት በየቤቱ ይጀመራል። ዛሬ ማታ የእናታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ ማን እንደከፈተላት ጠይቋት። ከዚያም አብራችሁ ቁልፉን ቀይሩት።